ድምፁ ሲሻክር፣ ድምፁ ሲጠራ

ክረምት ነበር፣ በፈረንጆቹ 2005። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ አልበሞቹ የሚታወቁት በዚያ አቆጣጠር ስለሆነ። ስቶክሆልም የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለእረፍት አዲስ አበባ መጥቶ እኛ ቤት ሁለት ሳምንት ሰነበተ። ሲሄድ ሲዲ ማጫወቻውንና አንድ ጥቁር የሲዲ ቦርሳ ትቶልኝ ሄደ። ከሲዲዎቹ አንዱ «ብላክዋተር ፓርክ» ነበር፤ ኦፔዝ የተባለው የስዊድን ባንድ አምስተኛ አልበም፣ በ2001 የወጣ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መብራት ጠፍቷል። እኔ ባትሪው እስኪያልቅ የመጀመሪያውን ዘፈን እደጋግማለሁ።

አንድ ቀን መብራት ሲመጣ በትልቁ ቴፕ ከፈትኩት። አባዬ ከጓዳ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አባዬ በሬዲዮ ሽለላና ፉከራ በመጣ ቁጥር ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው ነበር። «ቀንሺው» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ትንሽ አዳመጠና «ይሄ ሰውዬ ለቅሶ ላይ ነው እንዴ?» አለኝ። «ሜታል ነው አባዬ፣ ከባድ ሮክ» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ሙዚቃው አልገባውም ብዬ አሰብኩ።

ኦፔዝን ለማታውቁት ትንሽ ልንገራችሁ። ባንዱ በ1990 አካባቢ ስቶክሆልም ውስጥ ተመሠረተ። ስሙ ከአንድ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለች የጨረቃ ከተማ ስም። አባላቱ ብዙ ጊዜ ተቀያይረዋል። ከመጀመሪያው አልበም እስከ መጨረሻው ያልጠፋው ሚካኤል ኦከርፌልት ብቻ ነው። ይዘፍናል፣ ጊታር ይጫወታል፣ አብዛኛውን ዘፈን የሚጽፈውም እሱ ነው።

ይህ ሰው ሁለት ድምፅ አለው። አንዱ ከሆዱ የሚወጣ፣ እንደ ነጎድጓድ የሚያስገመግም፣ የሜታል አድማጮች ግሮውል የሚሉት ነው። ሌላው ጥርት ያለ፣ ለስላሳ፣ እንጉርጉሮ የሚመስል ነው። እስከ 2008 ድረስ ሁለቱን በአንድ ዘፈን ውስጥ ሲያፈራርቃቸው ኖረ። በ2011 «ሄሪቴጅ» ሲወጣ ግን ግሮውሉ የለም። በሚቀጥሉት ሦስት አልበሞችም የለም።

አድማጩ ለሁለት የተከፈለው ያኔ ነው። የአክስቴ ልጅ እስካሁን «ኦፔዝ በ2008 ሞተ» ይላል። ለዓመታት እኔም ከሱ ጎን ነበርኩ። አሁን ግን እንደዚያ አልልም። ለምን እንደማልል ለማስረዳት ከመጀመሪያው መጀመር አለብኝ።

የመጀመሪያው አልበም «ኦርኪድ» የተቀዳው በ1994 ነው። ኦከርፌልት ገና ሃያ ዓመቱ አካባቢ ነበር። አልበሙ በ1995 ወጣ፤ በ1996 «ሞርኒንግራይዝ» ተከተለ። ሁለቱንም የቀዳቸው ዳን ስዋኖ ነው፣ ራሱ ሙዚቀኛ የሆነ ሰው። «ሞርኒንግራይዝ» ላይ ያሉት አምስት ዘፈኖች ብቻ ናቸው። ርዝመታቸው ግን በድምሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። አንዱ ብቻውን ሃያ ደቂቃ ይፈጃል።

የዚያን ጊዜ ኦፔዝ አዝማች አያውቅም። አንድ ሪፍ፣ አጭር የጊታር ሐረግ ማለት ነው፣ ይመጣል፣ አራት ጊዜ ይመታል፣ ይሄዳል፣ አይመለስም። ሁለቱ ጊታሮች አንድ ዜማ አይጫወቱም፤ ጎን ለጎን ሆነው፣ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ብሎ፣ እንደሚከራከሩ ሁለት ወንድማማቾች ይሄዳሉ። ቤዙ ደግሞ ከሥር ሆኖ የራሱን ዜማ ይዘፍናል። በድንገት ሁሉም ይቆምና አንድ አኩስቲክ ጊታር ብቻውን ይቀራል። ደን ውስጥ ሲሄዱ ድንገት ገላጣ ሜዳ ላይ እንደ መውጣት ነው። ቆየት ብሎ ነጎድጓዱ ይመለሳል።

እነዚህን ሁለት አልበሞች በጣም እወዳቸዋለሁ። ግን ስፌታቸው ይታያል። አንዱ ክፍል ከሌላው ጋር የተገናኘው ስለሚስማማ ሳይሆን ቀጥሎ ስለመጣ ብቻ የሆነበት ቦታ አለ። ሃያ ደቂቃ የሚፈጀውን ዘፈን ሳዳምጥ አሁንም ከመካከሉ ላይ እጠፋለሁ። ወጣቶቹ ያላቸውን ሁሉ ነው የሰጡት። ምን ማስቀረት እንዳለባቸው ገና አላወቁም። የአክስቴ ልጅ ይህን ስለው ይናደዳል። ለሱ ውበቱ እዚያ ላይ ነው፤ «ምንም አላስቀሩም» ይላል። እሱም እውነት አለው።

በ1998 «ማይ አርምስ ዩር ኸርስ» ወጣ። ሞቶ መንፈስ የሆነ ሰው የሚወዳትን ሴት ከሩቅ ሲያያት የሚተርክ አልበም ነው። አንዱ ዘፈን የሚያልቅበት ቃል የሚቀጥለው ዘፈን ርዕስ ነው። ቃሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደ ችቦ ይተላለፋል። ባንዱ መስፋትን እየተማረ እንደሆነ እዚህ ላይ ይሰማል። በዚህ ጊዜ አካባቢ ነው ሁለቱ ማርቲኖች፣ ድራመሩ ማርቲን ሎፔዝና ቤዚስቱ ማርቲን ሜንዴዝ፣ የገቡት። ሁለቱም ዘራቸው ከኡራጓይ ነው። ሎፔዝ ሲመታ ከክብደቱ ሥር የሚወዛወዝ ነገር አለ። ከሱ በኋላ የመጡት ድራመሮች ፈጣኖችና ትክክለኞች ናቸው። ትከሻዬን የሚያንቀሳቅሰው ግን እሱ ነው። የእስክስታ አገር ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል።

ከዚያ «ስቲል ላይፍ» በ1999። የምወደውን ብቻ ምረጪ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። በእምነቱ የተነሳ ከመንደሩ የተባረረ ሰው ከዓመታት በኋላ ሜሊንዳ የምትባል የቀድሞ ፍቅረኛውን ፍለጋ ይመለሳል። ታሪኩ በደም ያልቃል። በስሟ የተሰየመው ዘፈን በጣም ለስላሳ ነው የሚጀምረው። ድራሙ ይንሾካሾካል። ኦከርፌልት በጠራው ድምፁ ያናግራታል። ጊታሮቹ እየከበዱ ሲመጡም ያንን ድምፅ አይለቀውም። ግሮውሉ የሚመጣው በሌሎቹ ዘፈኖች ላይ፣ ሰውየው ብቻውን ሲሆን፣ ወይም ጠላቶቹ ፊት ሲቆም ነው። ለሷ አይጮህም። ይህን ያስተዋልኩት ስንት ዓመት ካዳመጥኩት በኋላ ነው።

«ብላክዋተር ፓርክ» ላይ ስቲቨን ዊልሰን ገባ፤ ፖርኩፓይን ትሪ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ መሪ። ፕሮዲውሰር ሆኖ ድምፆቹን አነባበራቸው፣ ፒያኖ ጨመረ፣ ለእያንዳንዱ ጊታር ቦታ ሰጠው። በ2001 ሰው ኦፔዝን በደንብ ያወቀው በዚህ አልበም ነው። ለኔም በር የከፈተልኝ እሱ ነው፤ ስለዚህ ሚዛናዊ መሆን አልችልም። አሁንም ስከፍተው የዚያ ክረምት የከሰል ጭስና የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣብኛል።

ቀጥሎ ሁለት አልበም በአንድ ጊዜ ቀዱ። «ዴሊቨራንስ» በ2002፣ «ዳምኔሽን» በ2003 ወጣ። አንዱ ከባዱን ሁሉ ወሰደ፤ ሌላው ለስላሳውን። «ዳምኔሽን» ላይ አንድም ግሮውል የለም። ጊታሮቹ ንጹሕ ናቸው፣ ከኋላቸው ደግሞ ሜሎትሮን የሚባለው የድሮ መሣሪያ እንደ ሩቅ የቫዮሊን ድምፅ ያለቅሳል። ሥራው ላይ ሳሉ የኦከርፌልት አያት በመኪና አደጋ ሞተች። አልበሞቹ ለሷ መታሰቢያ ሆኑ። ስለዚህ «በ2011 ድንገት ለሰለሰ» የሚባለው ትክክል አይደለም። ከስምንት ዓመት በፊት አድርጎት ነበር። ያኔ ግን ከጎኑ ከባዱ ስላለ ማንም አልተቆጣም።

«ጎስት ሬቨሪስ» በ2005 ሁሉንም መልሶ አንድ ላይ አመጣው። በቴክኒክ ካየነው የባንዱ ጫፍ እሱ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ሎፔዝ ለቀቀ። ከመጀመሪያው አልበም ጀምሮ አብሮት የነበረው ጊታሪስት ፒተር ሊንድግሬንም ለቀቀ።

በ2008 «ዋተርሼድ» ላይ አንድ ነገር አለ፣ ሁልጊዜ የሚገርመኝ። ከለስላሳዎቹ ዘፈኖች አንዱ በአኩስቲክ ጊታር ያልቃል። ጊታሪስቱ እየተጫወተ ሳለ መቃኛዎቹን እያዞሩ ክሮቹን ያላሏቸዋል። ዜማው ሳይቆም ቅኝቱ ይፈርሳል። ያው ጣቶች፣ ያው አጨዋወት፣ ግን የሚወጣው ድምፅ እየጣመመ፣ እየጣመመ ይሄዳል። ያኔ ሳዳምጠው ቅኝቱ የጠፋ መስሎኝ ማጫወቻዬ ተበላሸ ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ሰውየው በድሮው ቅኝት መቀጠል እንደማይችል እየነገረን ነበር።

ሦስት ዓመት ቆይቶ «ሄሪቴጅ» መጣ።

እኔ ያኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። አንድ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ግማሽ ቀን አውርጄው፣ በፍላሽ ይዤው ቤት ገባሁ። ሽፋኑ ላይ አንድ ዛፍ አለ፤ ፍሬዎቹ የባንዱ አባላት ጭንቅላቶች ናቸው። አንዱ ጭንቅላት እየወደቀ ነው፤ ኪቦርዲስቱ ፐር ቪበርግ፣ አልበሙ ከተቀዳ በኋላ የለቀቀው። መጀመሪያ ፒያኖ ብቻ መጣ። ጠበቅኩ። ከዚያ ቀጭን ጊታር። ጠበቅኩ። ነጎድጓዱን ጠበቅኩት። አልመጣም። አልበሙ ሲያልቅ ልክ ቀጠሮ አድርጎ የቀረ ሰው እንደምጠብቅ ተሰማኝ። ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ ተውኩት። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ አዝኖ ነበር።

በ2013 ስቶክሆልም መጣሁ። እዚህ የመጡ ሰዎች እንደሚያደርጉት የስዊድንኛ ትምህርት ጀመርኩ፣ ከዚያም በአረጋውያን መንከባከቢያ ሥራ ያዝኩ። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ክፍል ውስጥ አልጋ ሳነጥፍ ከሬዲዮው ፒያኖ ሰማሁ። ቀላል፣ ቀዝቃዛ፣ የሚያሳዝን። «ሄሪቴጅ» ነው ብዬ ቀና አልኩ። አልነበረም። የሚጫወተው ያን ዩሐንሶን የሚባል ስዊድናዊ ፒያኒስት ነው፤ በ1964 የአገሩን የባላገር ዜማዎች ወስዶ በጃዝ የተጫወተ። አዛውንቱ «ቬሙድ» አሉኝ። ቃሉን አላውቀውም ነበር። ሲያስረዱኝ ሐዘን ነው ግን ደስ የሚል፣ ያለፈን ነገር በእርጋታ የማሰብ አሉኝ። «እኛ ትዝታ እንለዋለን» አልኳቸው። ለዜማም ለቅኝትም ለስሜቱም አንድ ቃል ነው ስላቸው በጣም ደስ አላቸው።

ያን ማታ ቤት ገብቼ «ሄሪቴጅ»ን እንደገና ከፈትኩት። ርዕሱ ቅርስ ማለት ነው። ሰውየው ገና ከመጀመሪያው ኖታ ጀምሮ ምን እያደረገ እንደሆነ ነግሮኝ ነበር። ከሜታል በፊት የነበረውን፣ ከወላጆቹ ዘመን የሰማውን ነው የተጫወተው። አልበሙ አሁንም ፍጹም አይደለም። ስፌት እንደገና መታየት ጀምሯል፤ ልክ እንደ «ኦርኪድ»። አንዳንዱ ዘፈን ገና ሲሞቅ ይቋረጣል። ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የማያውቀውን ነገር እየሞከረ ያለ ሰው ሰማሁ። የሃያ ዓመቱን ልጅ ድፍረት ሰማሁ። የድሮ ኦፔዝ ናፍቆኛል ስል የናፈቀኝ ይህ ድፍረት ይሁን ግሮውሉ አላወቅኩም ነበር።

«ፔል ኮሚዩኒየን» በ2014 የተሻለ ነው። ድምፆቹ ተደራርበው ሲዘምሩ፣ በመጨረሻው ዘፈን ላይ ቫዮሊኖቹ ሲገቡ፣ ስፌቱ ጠፍቷል። «ሶርሰረስ» በ2016 ላይ ብዙ አልቆይም። ጥሩ ጥሩ ሐሳቦች አሉት፣ እርስ በርሳቸው ግን አይነጋገሩም።

አባዬ በ2019 ግንቦት ላይ አረፈ። መርዶውን ያረዱኝ እዚሁ ስቶክሆልም ነው። በጠዋት በሬ ተንኳኳ። የአክስቴ ልጅ፣ ሚስቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሁለት እናቶች ቆመዋል። ሳያቸው አወቅኩ። በሥራና በወረቀት ምክንያት ለቀብር አልደረስኩም። ለቅሶ የተቀመጥኩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጎረቤት እንዳይረበሽ ድምፄን አፍኜ ነው።

በዚያው ዓመት የደመራ ዕለት «ኢን ካውዳ ቬኔኑም» ወጣ። ኦፔዝ ሙሉ አልበም በስዊድንኛ ሲሠራ የመጀመሪያው ነው። በእንግሊዝኛም አንድ ላይ አወጡት፤ ኦርጅናሉ ግን የስዊድንኛው ነው። እንግሊዝኛውን ሳልነካ ስዊድንኛውን ይዤ በባቡር ወደ ሥራ ሄድኩ።

እስካሁን ኦፔዝን የሰማሁት ለእሱም ለእኔም ሁለተኛ በሆነ ቋንቋ ነበር። አሁን ሰውየው በእናቱ ቋንቋ ይዘፍናል፣ እኔ ደግሞ በስድስት ዓመት ትግል በተማርኩት እሰማዋለሁ። ሁለቱን ቅጂዎች ርዕሳቸውን ብቻ ስታነጻጽሩ ልዩነቱ ይገባችኋል። አንዱ ዘፈን በእንግሊዝኛው የፍቅር ወንጀል ዓይነት ስም አለው። በስዊድንኛው «የትዝታ ገጽ» ነው። ሌላው በእንግሊዝኛ «ሁሉም ነገር ያልፋል» ይላል፤ በስዊድንኛ «ሁሉም ነገር ያልቃል»። የሚያልፍና የሚያልቅ አንድ አይደለም። የሚያልፍ ነገር ያጽናናል።

ሦስተኛው ደግሞ አለ። «ዴ ናርማስት ሶርያንዴ» ይላል፣ የቅርብ ሐዘንተኞች። ይህን አባባል ከመዝገበ ቃላት አይደለም የተማርኩት። የምንከባከባቸው አንዲት አሮጊት በየጠዋቱ ጋዜጣ ላይ የሞቱ ሰዎችን ዝርዝር ጮክ ብለው ያነቡ ነበር፤ እኔም እየሰማሁ ቃሉን ያዝኩት። ባቡሩ ውስጥ ያንን ቃል በኦከርፌልት ድምፅ ስሰማ፣ ያለ ግሮውል፣ ያለ መሸፈኛ፣ አራት ወር ያህል አፍኜ የያዝኩት ለቅሶ መጣ። ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

ለቅሶ ላይ ሴቶች ፊታቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። እንባ የለም ማለት አይደለም። ከነጠላው ሥር አለ። የድሮው ኦፔዝ ግሮውል ለኔ ያ ነጠላ ነው። መናፍስት፣ የተባረረ ሰው፣ ሜሊንዳ፣ ሁሉም የሐዘን ታሪክ ነበር። ወጣቱ በጩኸት ሸፈነው። በሽማግሌነቱ ነጠላውን አወረደው። ይህን ካወቅኩ በኋላ የመጀመሪያዎቹን አልበሞች ሳዳምጥ ጩኸቱን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ነው የምሰማው። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ በአንድ ደቂቃ የሰማው ነገር ለኔ አሥራ አራት ዓመት ፈጀብኝ።

ከዚያ በ2024 ኅዳር ላይ «ዘ ላስት ዊል ኤንድ ቴስታመንት» መጣና ግሮውሉ ተመለሰ።

የመጨረሻው ኑዛዜ ማለት ነው። በአማርኛ ኑዛዜ ሁለት ነገር ነው፤ ሰው ንብረቱን የሚያወርስበትም ነው፣ ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ የሚናገርበትም ነው። ይህ አልበም ሁለቱንም ነው። ታሪኩ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። አንድ ሀብታም አባት ሞቷል። ልጆቹ ኑዛዜው ሲነበብ ለመስማት ተሰብስበዋል። መንትዮቹ የሱ ልጆች እንዳልሆኑ ያ ወረቀት ይነግራቸዋል። ዘፈኖቹ ስም የላቸውም፤ እንደ ሕግ ሰነድ አንቀጽ አንድ፣ አንቀጽ ሁለት እየተባሉ ነው የሚሄዱት። ጄትሮ ተል የተባለው የእንግሊዝ ባንድ መሪ ኢያን አንደርሰንም አለበት፤ ዋሽንቱን ይነፋል፣ በንግግር ድምፁም ይተርካል።

የአክስቴ ልጅ ግሮውሉ መመለሱን ሲሰማ ስልክ ደወለልኝ። ሌላ ምንም ሳይል «መጣ አይደል?» አለኝ። በ2011 ከተወው ወዲህ አንድም አልበም አልሰማም ነበር። እሁድ ቤቴ መጣ። ቡና አፈላሁ። እሱ «ብላክዋተር ፓርክ» ተመልሶ እንደሚመጣ ነበር የጠበቀው። አልመጣም። ዘፈኖቹ አጫጭሮች ናቸው፤ ከአምስት፣ ስድስት ደቂቃ ብዙ አይርቁም። ሪፎቹ ተጨናንቀዋል፣ ቫዮሊን አለ፣ ከ1970ዎቹ የመጣ ኪቦርድ አለ። የ«ሄሪቴጅ» ዘመን ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው። ያለዚያ አሥራ ሦስት ዓመት ይህ አልበም ሊሠራ አይችልም ነበር።

ግሮውሉም የድሮው አይደለም። ድሮ የሚጮኸው ወጣቱ ነበር፤ የተባረረው፣ የተከዳው፣ ሞቶ ፍቅሩን የሚያየው። አሁን የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ የሞተው አባት ነው። ከመቃብር ሆኖ ልጆቹን ያናግራቸዋል። ያው ጉሮሮ ነው፣ ሰውየው ግን ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሄዷል።

ይህን ለአክስቴ ልጅ አልነገርኩትም። ዝም ብለን አዳመጥን። ሁለተኛው ቡና ቀዘቀዘ። የመጨረሻው ዘፈን ላይ ግሮውል የለም። አንቀጽ ቁጥርም የለውም፤ ስም ያለው እሱ ብቻ ነው። ኑዛዜው ተነቦ ካለቀ በኋላ አንድ ደብዳቤ ይመጣል፤ ሁሉን የወረሰችው ልጅም የሟቹ ልጅ እንዳልሆነች ይናገራል። ኦከርፌልት ይህን በጣም በቀስታ ነው የሚዘፍነው። ቀጥሎ ጊታሩ ብቻውን ይወጣል። ረጅም፣ የማይቸኩል።

አለቀ። የአክስቴ ልጅ ስኒውን እያየ ቆየ።

«ዕድሜው ስንት ሆነ?» አለኝ።

«ሃምሳ።»

ጸጉሩን በእጁ ዳበሰ። የሱም እየሸበተ ነው።

«ድገሚው» አለኝ።